ከእማዬ ጋር ውሃ ዳር ሦስት ሌሊት

(ዴን ሃግ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ጉዞ የሆነ ነገር አጫውተን» አሉኝ። ስለ ፓሪስ ወይ ስለ ዱባይ ሊሰማ የመጣ ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ። የማወራው ከዚህ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ስለምታስኬድ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ኤንክሃውዘን ትባላለች።

እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ በሆላንድ ትንሽ ከተማ ሆቴል ይዞ ያደረ እጁን ያውጣ። አንድ... ሁለት... ጋሼ እርስዎም? ሦስት። እሺ። ትንሽ ከተማ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ያደረስ? አያችሁ! አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ።

እኔም እንደናንተው ነኝ። የዚህን አገር ትንንሽ ከተሞች የማውቃቸው በካምፕ ነው። አውቶቡስ በሰዓት አንዴ የሚመጣበት፣ አመሻሽ ላይ ሱቁ ሁሉ የሚዘጋበት፣ ደብዳቤ የሚጠበቅበት ቦታ ማለት ነበሩ ለእኔ። ዓመት ከመንፈቅ በኖርኩበት ከተማ መሃል ወንዝ እንደሚያልፍ ያወቅሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። ዓይኔ የደብዳቤ ሰሌዳው ላይ ተተክሎ ነበራ!

እናቴ ባለፈው በጋ የሦስት ወር ቪዛ አግኝታ ከደብረ ታቦር መጣች። አምስተርዳም ወሰድኳት። ቦዩንም ድልድዩንም አየች። ብስክሌት ሁለት ጊዜ ሊገጫት ነበር። ማታ ቤት ስንገባ ነጠላዋን አጣጥፋ «ልጄ፣ ደስ ይላል። ግን ሰው በዛ። ውሃ ያለበት፣ ሰው የሌለበት የለም?» አለችኝ። ጣናን እያየች ላደገች ሴት ውሃ ማለት ፀጥታ ነው። ስለዚህ ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። ወደብ ዳር ያለ፣ አሮጌ የጡብ ቤት፣ መስኮቱ ላይ አበባ፣ ፊት ለፊቱ የመርከብ ምሰሶ። ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ሦስት ሌሊት ያዝኩ።

ባቡሩ እዚያው ያበቃል። ሀዲዱ ወደቡ ጋ ደርሶ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ ነው። እማዬ ከፉርጎው ወርዳ ሀዲዱ ያለቀበትን አየች፣ ውሃውን አየች፣ «እንኳን ፍሬኑ ያዘ!» አለች። ቀልዱ ቀልድ ነው፣ ግን መስመሩ እዚያ የቆመው በምክንያት ነው። ባቡር እዚህ የደረሰው በ1885 ነው። በዓመቱ ደግሞ ከጣቢያው አጠገብ ከውሃው ማዶ፣ ፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር ወዳለችው ስታቮረን የሚሻገር መርከብ ሥራ ጀመረ። ወደ ፍሪስላንድ የሚሄድ ሰው ከባቡር ወርዶ መርከብ ላይ ይወጣ ነበር። በበጋ ዛሬም መርከብ አለ፤ የሚበዙበት ግን ባለ ብስክሌቶች ናቸው። ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው፣ አደራ አታምታቱብኝ።

የሆቴሉን ስም አልነግራችሁም። ማስታወቂያ አልተከፈለኝም። ደግሞ የማወራው ጥፋት የሆቴሉ ሳይሆን የእኔው ነው። ፎቶውን ሳይ ያላየሁት ነገር ቢኖር ደረጃውን ነው። ድሮ የተሠራ የሆላንድ ቤት ደረጃ ታውቁታላችሁ። ደረጃ አይደለም፣ መሰላል ነው። ለእጅ መያዣ ገመድ ተንጠልጥሏል። ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። እማዬ ከታች ቆማ ሽቅብ አየች። «ይሄ ደብረ ዳሞ ነው እንዴ?» አለች። ለነገሩ በገመድ የሚወጣበት ገዳም ለሴት አይፈቀድም፣ ይሄ ግን ተፈቅዶላት ጉልበቷ እምቢ አለ።

እንግዳ ተቀባይዋ ወጣት ልጅ ነች። ምንም አላለችም፣ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ ግራውንድ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጠችን። ጠባብነቷን አትጠይቁኝ። አልጋዎቹ መሃል ጎን ለጎን አያሳልፍም። ግን መስኮቷ በቀጥታ ወደቡን ነው የሚያየው፣ ያውም በመርከቦቹ ቁመት። ከላይ ቢሆን ኖሮ ወደቡን እንደ ፖስት ካርድ ቁልቁል እናየው ነበር። ከዚህ ግን የመርከቡ ሰውዬ ካልሲ ሲያሰጣ ይታያል።

ሻንጣ እንዴት ወደ ላይ ይወጣል ብላችሁ እንዳትጠይቁ። በየቤቱ ጣሪያ ጫፍ ወደ ውጭ የወጣ የእንጨት ምሰሶ አለ፣ መንጠቆ ያለው። ድሮ ዕቃ በገመድ እየጎተቱ በመስኮት ያስገቡበት ነው። ዛሬ ሶፋ ሲገባ አሁንም ይጠቀሙበታል። እናት ግን አይጎተትበትም።

የመጀመሪያዋ ሌሊት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም እማዬ ቀሰቀሰችኝ። «ስማ፣ አቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን አለ?» አለች። «ምነው?» ስላት «ማሕሌት ቆመዋል። ጸናጽሉ ይሰማል» አለችኝ። ጆሮዬን ሰጠሁ። እውነቷን ነው! ሽል፣ ሽል፣ ሽል። ያልተመሳሰለ፣ ግን የማያቋርጥ። መጋረጃውን ገለጥኩ። ነፋስ ተነስቶ የመርከቦቹ ገመድ ከምሰሶው ጋር ይጋጫል። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ መርከብ ባንድ ላይ። ነገርኳት። «ተወው፣ እኔ ማሕሌት ነው ብያለሁ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተኛች። እኔ እስኪነጋ አልተኛሁም። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ወደብ ዳር ሲያድር የጆሮ መድፈኛ ይያዝ።

ቁርስ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የሆላንድ ቁርስ ታውቃላችሁ፣ ዳቦ በዳቦ ነው። ልጆቻችን የሚወዱት ሃገልስላህ፣ ያ ዳቦ ላይ የሚነሰነስ ቸኮላት፣ በሳህን ሙሉ ቀርቧል። አዋቂ ፈረንጅ በክራቫት ሆኖ ሲነሰንስ እማዬ በአድናቆት ታይ ነበር። ካርነሜልክ ግን ቀመሰች። አሬራ መሆኑን ባንዴ ለየችው። «ቅቤውን ማን ወሰደው?» አለች።

ከሆቴሉ ትንሽ እልፍ ሲባል ዓሣ የሚያጨሱበት ቤት አለ። የአካባቢው ኩራት ፓሊንግ ነው፣ ረጅሙ፣ የሚያሙለጨልጨው። ገዝቼ አመጣሁ። አንዴ አይታ «እባብ ነው» አለች። ዓሣ ነው ብል «ቅርፊቱ የታለ?» አለች። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ የሚለውን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ብቻዬን በላሁት። ከኃጢአቱ ጋር ጣፈጠኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

በሁለተኛው ቀን ከተማዋን በእግር ዞርን። ወደቡ አፍ ላይ ድሮሜዳሪስ የሚባል ወፍራም ግንብ አለ። ስሙ ግመል ማለት ነው። በ1540 ወደቡን እንዲጠብቅ የተሠራ ነው። ላዩ ላይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ደወል አለ፣ ዜማ ይጫወታል። ጠባብ መንገድ፣ ወደፊት ያዘነበሉ ቤቶች፣ ትንንሽ የእንጨት ድልድዮች። አንድም ሰማይ ጠቀስ ፎቅ፣ አንድም የመስታወት ሕንፃ የለም። ሁሉም ነገር ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመት በፊት እንደቆመ ነው። እማዬ «እንዴት እንዲህ ጠበቁት?» አለች። እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር የገባኝ፤ አስተዋይ ሕዝብ ስለሆነ ጠበቀው ብዬ ነበር።

የለም። የጠበቀው ክስረት ነው።

ኤንክሃውዘን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሃያ ሺህ ገደማ ሰው ነበራት። ለዚያ ዘመን ትልቅ ከተማ ማለት ነው። የከተማዋ ዓርማ ሦስት የሃሪንግ ዓሣ ነው፣ በሃሪንግ ነው የከበረችው። ያ በምሥራቅ ቅመም የናጠጠው የደች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ስድስት ቅርንጫፎች ነበሩት፤ አንዱ እዚች ነበር። የቁንዶ በርበሬ መጋዘኑ ዛሬም ውሃ ዳር ቆሟል፣ የዛውደርዜ ሙዚየም አካል ነው። እዚሁ ዴን ሃግ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ውስጥ ያለውን የትልቅ ወይፈን ሥዕል ያያችሁ አላችሁ? ሠዓሊው ፓውሉስ ፖተር የኤንክሃውዘን ልጅ ነው። በ1647 ሲስለው ገና ሃያ አንድ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ወረደች። ወደቧ በደለል ተሞላ። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ጦርነት ዓሣ አጥማጆቿን ጎዳ። አምስተርዳም ደግሞ ንግዱን ሁሉ ጠቀለለችው። ሰው ተሰደደ። ባዶ የቀረው ቤት ፈርሶ ጡቡ ተሸጠ። በከተማው ቅጥር ውስጥ ሜዳ ሆነ፣ ላም ተሰማራበት። ዛሬም ከቅጥሩ ሳትወጡ የገበሬዎች ማዕዘን የሚባል ሰፈር ታገኛላችሁ፣ በረት ያለበት። ሳይፈርስ የቀረውን ቤት ደግሞ አፍርሶ በዘመናዊ የሚተካ ገንዘብ ያለው ሰው ጠፋ። እንዲሁ ቆየ። እንዲህ ቆይቶ ነው እኛ ሻንጣ ይዘን ፎቶ ልናነሳው የመጣነው።

ሁለተኛው ክስረት ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም ውሃው ራሱ ተወሰደ። ሆቴላችን ፊት ለፊት ያለው ውሃ ባሕር ነበር። ዛውደርዜ ይባላል፣ ከሰሜን ባሕር የሚገባ ጨዋማ ውሃ። በጥር 1916 ማዕበል ግድቦቹን ሰብሮ ዙሪያውን አጥለቀለቀ። ሰው ሞተ፣ ከብት ሞተ። ኮርኔሊስ ሌሊ የሚባል መሐንዲስ፣ ሚኒስትርም ነበር፣ ከስንት ዓመት በፊት ያዘጋጀው ዕቅድ አለ፦ የባሕሩን አፍ መዝጋት። በ1918 ሕግ ሆኖ ወጣ። ግንቦት 28 ቀን 1932 የመጨረሻው ክፍተት ተደፈነ። 32 ኪሎ ሜትር ግድብ! ባሕሩ ሐይቅ ሆነ። በጥቂት ዓመት ጨውነቱ ጠፋ። አይሰልሜር ተባለ።

አገር ዳነ። የከተማዋ ሃሪንግ ግን አለቀ። ጨዋማ ውሃ የለመደ ዓሣ ሐይቅ ውስጥ ምን ይሠራል? ለዓሣ አጥማጆቹ መካሻ በ1925 ሕግ ወጥቷል፣ እውነት ነው። ነገር ግን አባትህም አያትህም ባሕር ላይ የኖሩ ከሆነ ካሣ ባሕር አይመልስም። እኛ ስለ ግድብ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ኩራት ነው፣ ተገቢም ነው። የዛውደርዜ ሙዚየም የሚያሳየው ግን ከግድቡ በኋላ ሥራ የፈታውን መረብ ነው። ከዙሪያው ያሉ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ቤቶች ተነቅለው እዚያ ተተክለዋል። የውጭው ክፍል የተከፈተው በ1983 ነው። ግማሽ ቀን ይፈልጋል፣ ሂዱ።

እና ያ ሌሊት ማሕሌት የቆሙት መርከቦች? ብዙዎቹ የድሮ ጭነት መርከቦች ናቸው። ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው፣ ጥልቀት ለሌለው ውሃ የተሠሩ። ድሮ አተር፣ ድንች፣ ጡብ ይጭኑ ነበር። አሁን ቱሪስትና የትምህርት ቤት ልጆች ይጭናሉ። ሸራቸው ቡናማ ስለሆነ «ቡናማው ጦር» ይሏቸዋል፣ እንደ ባሕር ኃይል። ከተማዋ ግን በቱሪስት ብቻ አትኖርም፤ የአትክልት ዘር የሚያዳቅሉ ኩባንያዎች ዙሪያዋን ሞልተዋል፣ ያ ሌላ ወሬ ነው።

ለዚህ ነው የሆቴሉ ማስታወቂያ «የባሕር እይታ» ሲል ፈገግ ያልኩት። የምናየው ሥራ የለቀቀ ውሃ ነው፣ ጡረታ የወጣ። ምናልባት እማዬ የፈለገችው ፀጥታም ከዚያው የመጣ ይሆናል።

በማግስቱ ከከተማዋ ወጣ ብለን ግድቡ ላይ ሄድን። ኤንክሃውዘን ያለችበትን የዌስት ፍሪስላንድን መሬት የሚከብ 126 ኪሎ ሜትር ግድብ ነው፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክቡ የገጠመ። ሳሩን በጎች ይነጩታል። እማዬ በጎቹን እያየች ቆመች። ከዚያ በቀኝ አየች፣ በግራ አየች። አንዴ ደገመች።

«ልጄ።»

«አቤት።»

«ውሃው ከእርሻው በላይ ነው።»

ነው። አንድ ሜትር፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ። ስንት ዓመት ስኖር በመኪና ሳልፍ አላየሁትም። እሷ በገበሬ ዓይን አንዴ ዞራ ለየችው። ቀጥላ የጠየቀችው ነው የገረመኝ። «ታዲያ ሌሊት ማነው የሚጠብቀው?»

እስቲ እናንተ ማነው የሚጠብቀው? ዋተርስካፕ፣ የውሃ አስተዳደሩ መሥሪያ ቤት። የካቲት ላይ ደብዳቤው የሚመጣው፣ «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው» እያልን የምንከፍለው ግብር። ፓምፑም፣ ግድቡም፣ ፍሳሽ ማጣሪያውም የእነሱ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የተለየ የራሱ ምክር ቤት አለው፣ በአራት ዓመት አንዴ ይመረጣል። የመጨረሻው መጋቢት 2023 ነበር። ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ቢሆንም በሕጋዊ መንገድ የምትኖሩ ከሆነ መምረጥ ትችላላችሁ። የመምረጫ ካርዱ ቤታችሁ ይመጣል። ስንቶቻችን ነን ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አብረን የጣልነው? እኔ ጥያለሁ። ለእማዬ ግን «መንግሥት ይጠብቃል» ብዬ አለፍኩት። እሷም አላመነችኝም፤ ማታ ጫማዋን በሩ አጠገብ አድርጋ ነው የተኛችው።

መሄድ ለምትፈልጉ ቶሎ ቶሎ ልናገር። በጋ ቅዳሜና እሁድ ውድ ነው፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያዙ። ሊፍት መኖሩን ደውላችሁ ጠይቁ፣ ፎቶ አትመኑ። ክፍያው ላይ የቱሪስት ግብር ይጨመራል፣ ሆቴሉ ሸወደኝ ብላችሁ እንዳትጣሉ፤ የኸሜንተው፣ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ነጠላም ቢሆን ወፈር ያለ ይያዝ፣ ነፋሱ ከውሃው ነው የሚነሳው። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ መርከብ ከላይ፣ መኪና ከታች የሚያልፍበትን ቦታ አሳዩአቸው። በ2003 የተከፈተ ነው፣ ወደ ሌሊስታድ በሚወስደው ግድብ ላይ። በመኪናችሁ ከሥሩ ስትነዱ ሸራ በአናታችሁ ላይ ያልፋል።

የመጨረሻዋ ጠዋት ላይ የሆነውን ልንገራችሁና ልውረድ።

ቁርስ ላይ ነን። ያቺ እንግዳ ተቀባይ ቡና ስታቀርብ የእማዬን ግንባር አየት ታደርጋለች። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት፣ የእናቶቻችን ዓይነት። ልጅቷ መጠየቅ ፈልጋለች፣ ግን አፍራለች። ይሄኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከመምጣቴ በፊት ስለ ከተማዋ ሳነብ ያገኘሁት ነው።

ያን ሃውኸን ፋን ሊንስኾተን የሚባል ሰው ነበር። በልጅነቱ ከሃርለም ወደ ኤንክሃውዘን መጥቶ ያደገ ነው። ወጣት ሳለ ሕንድ አገር ጎዋ ሄደ፣ የፖርቱጋሎቹ ሊቀ ጳጳስ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። በ1592 ወደዚችው ከተማ ተመለሰ። ያየውን ሁሉ፣ የባሕር መንገዱንም ጭምር ጻፈ፤ ፓሉዳኑስ የሚባለው የከተማዋ ሐኪም ማብራሪያ አከለበት። በ1596 አምስተርዳም ላይ ታተመ። ፖርቱጋሎቹ ደብቀው የያዙት መንገድ ለሆላንድ የተገለጠው በአብዛኛው በእሱ ነው። ያ የቁንዶ በርበሬ መጋዘን የተሞላበት መንገድ ማለት ነው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሐበሾች አሉ። ጎዋ ላይ ያያቸው። አንዳንዶቹ ባሪያ፣ አንዳንዶቹ ነፃ። ከዓረቦች ጋር በፖርቱጋሎቹ መርከብ ላይ መርከበኛ ሆነው በትንሽ ደሞዝ ይሠራሉ ይላል፣ እስከ ቻይና፣ እስከ ጃፓን። አንዳንዶቹ ሚስትና ልጆቻቸውን መርከቡ ላይ ይዘው ይሄዳሉ ይላል። ስለ ክርስቲያኖቹ ደግሞ ፊታቸው ላይ በመስቀል አምሳል የተተኮሰ ምልክት አላቸው ይላል። አንዱ ግንባራቸው ላይ።

ስልኬ ላይ የነበረውን እያየሁ ለእማዬ ተረጎምኩላት። ለልጅቷም በደችኛ ነገርኳት። ከተማዋ ተወልዳ አድጋ ይህን ሰምታ አታውቅም። የቡናውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቆመች። እማዬ ግንባሯን በጣቷ ዳሰስ አደረገች። ዝም አለች። የኤንክሃውዘን ሰው ከአራት መቶ ዓመት በፊት የእሷን ምልክት መጻፉ ይገርማታል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ታዲያ እነዚያ ልጆች አገራቸው ገቡ?» አለችኝ።

መጽሐፉ ይሄን አይልም አልኳት።

«አልጠየቃቸውም ማለት ነው» አለች። ቡናዋን ጨረሰች። ውጭ መርከቦቹ ገመዳቸውን ያንሿሹታል፣ ባቡራችን ሀዲዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

አመሰግናለሁ።